በ«ደካማ ጎን» ሥር የጻፍኩት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም። አንድ ክፍል ተከራይተን ሁለት ዓመት አብራኝ ለኖረችው ጓደኛዬም አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴ ዓርብ ቀን እንቁላል መብላቴን፣ እናቴን መሳደቤን፣ በሰው መቅናቴን ሁሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህችን ግን በየጊዜው ምላሴ ጫፍ አድርሼ እመልሳታለሁ። ለምን? ብነግራቸው ስግደት ያዙኛል፤ እሰግዳለሁ፤ ከዚያ ቀሎኝ እወጣለሁ። እንዲቀለኝ ስለማልፈልግ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ኖርኩ። እውነቱ ግን ፈሪ ነኝ።

ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው። ስጽፍ ፊታችሁን አላይም፤ ስታነቡ ፊቴን አታዩም።

ቡሬ ውስጥ አንዲት የፎቶ ኮፒ ቤት ነው የምሠራው። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ፣ መብራት ሲጠፋ ቁጭ ብዬ መንገድ አያለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ መምህር መጣና አንድ ወረቀት ሰጥቶኝ ስድሳ ቅጂ አዘዘኝ። ወረቀቱን ሳየው፣ የድሮ ሰው ድንገት እንዳገኘ፣ ወዲያው አወቅኩት። ተማሪዎች መምህራቸውን የሚገመግሙበት ቅጽ ነው። ከላይ ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር የሚሰጥበት ሠንጠረዥ፣ ከታች ሦስት ባዶ ቦታ፦ ጠንካራ ጎን፣ ደካማ ጎን፣ መሻሻል ያለበት። ማሽኑ አንድ በአንድ ሲተፋው ስድሳ ጊዜ «ደካማ ጎን» የሚለውን አነበብኩ። መምህሩ ሲሄድ ሱቁን ለምሳ ዘጋሁ። ምሳ ግን አልበላሁም። ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ያኔ ፍኖተ ሰላም አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የትምህርት ቤቱ አይደለም። ቤተሰቦቼ ከማንኩሳ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር በቆሎና በርበሬ የሚያመርቱ ናቸው። እኔ ከተማ ተከራይቼ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤት ሄጄ ስንቄን ይዤ እየተመለስኩ ነበር የምማረው። የክፍል አለቃ ነበርኩ። የመረጡኝ ጎበዝ ስለሆንኩ አይደለም፤ ድምፄ ትልቅ ስለሆነና ወንዶቹን ስለማልፈራ ነው። ያሰብኩትን ፊት ለፊት እናገራለሁ ብዬ እኮራ ነበር። ይህችን ልብ በሉልኝ። ፊት ለፊት እናገራለሁ ብዬ እኮራ ነበር።

መምህርት ዘቢደር የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ነበረች። በፊቷ እርስዎ ነበር የምላት፤ እዚህ ግን እሷ እያልኩ ነው የምጽፈው። አንቱታ ካበዛሁ ያከበርኳት ይመስላል። አላከበርኳትም።

የአዴት ልጅ ነች። ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ። አንድ ጥቁር ጫማ ነበራት፤ ከጎኑ ተከፍቶ በክር የተሰፋ። ከእሷ በፊት እንግሊዝኛ ለኔ ከሰሌዳ ወደ ደብተር የሚገለበጥ ነገር እንጂ ሰው የሚነጋገርበት አልነበረም። አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲሄድ፣ ማንም ሳያዛት፣ የፈለገ ተማሪ እንዲቀር አድርጋ ታስተምረን ነበር። መጀመሪያ ሃያ ሆነን ቀረን፤ ከወር በኋላ ስምንት፤ በኋላ አራት። እኔ ከአራቱ አንዷ ነበርኩ። የራሷን መዝገበ ቃላት አዋሰችኝ፤ ጀርባው በፕላስተር የተለበጠ። የአሥራ ሁለተኛን ፈተና ስትጨርሽ ትመልሽልኛለሽ አለችኝ። እስከዚያ ድረስ አብራኝ ናት ማለት ነው ብዬ ተረዳሁት። እንደ ቃል ኪዳን ያዝኩት።

አንድ ቀን በፌስታል ደረቅ በርበሬ ይዛ ክፍል ገባች። የዕለቱ ትምህርት የአንድን ነገር ዋጋ ስለ መመዘን የሚናገሩ የእንግሊዝኛ ግሶች ነበር። መጽሐፉ ላይ በተርታ ተደርድረዋል፤ በአማርኛ ስንፈታቸው ሁሉም መገምገም፣ መመዘን፣ መገመት ሆነው እርስ በርሳቸው ይቀላቀሉብናል። እሷ በርበሬውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግፋ የበርበሬ ገበሬ ልጅ እጁን ያውጣ አለች። ከክፍሉ ከግማሽ በላይ አወጣ።

ነጋዴው ከሩቅ ጆንያውን አይቶ ይህን ያህል ይሆናል ሲል ኤስቲሜት አደረገ አለችን። ቀርቦ አንዷን ዛላ ወደ ፀሐይ አድርጎ ቀለሟን ሲያይ፣ ጆሮው ሥር ነቅነቅ አድርጎ የፍሬዋን ድምፅ ሲሰማ፣ አፕሬይዝ አደረገ። እጁን እስከ ክርኑ ከቶ ከጆንያው ሥር ያለውን ሲያወጣ ደግሞ አሰስ ነው፤ ገበሬ ጥሩ ጥሩውን ከላይ እንደሚያደርግ ያውቃላ። ክፍሉ ሳቀ። የአባቶቻችንን ጆንያ እናውቀዋለን። ሁሉንም ደምሮ፣ ቀለሙንም ድርቀቱንም የገበያውንም ነገር አስቦ ሲወስን ኢቫሉዌት። ከዚያ ነጋዴው አልፈልግም ብሎ ይሄዳል፤ አሥር እርምጃ ተራምዶ ይቆማል፤ ይመለሳል። እሷ ራሷ በክፍሉ መካከል ተራምዳ፣ ቆማ፣ ተመለሰች። ይኼስ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች።

ታምሩ የሚባል ቀልደኛ ልጅ ነበረን፤ ከኋላ ሆኖ «ይኼማ ቀሽም ነጋዴ ነው» አላት።

«ሪኮንሲደር ነው» አለች እየሳቀች። «ቀሽሙስ ሳይመለስ የቀረው ነው።»

እኔ እዚያ ተቀምጬ ስለ አባቴ አስብ ነበር። አባቴ በገበያው ዋዜማ በርበሬው ላይ ውሃ ረጨት ያደርጋል። ዛላው ጆንያ ውስጥ እንዳይደቅ ነው ይላል፤ ሚዛን ላይ ከበድ እንዲልለትም መሆኑን እኛም እናውቃለን፣ ነጋዴውም ያውቃል። በዚህ አባቴን አፍርበት ነበር። አንድ ቅዳሜ ፊት ለፊት ሌብነት ነው ብዬዋለሁ። የውሃውን ጣሳ አስቀምጦ ወጣ።

በትምህርቱ መጨረሻ በእያንዳንዱ ግስ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ተባልን። ለመጨረሻው ግስ እኔ የሠራሁት፣ አንዴ የወሰንኩትን መልሼ አላስብበትም የሚል ነበር። ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ ኩራቴ ድምፄ ላይ ይሰማል። ዘቢደር ጠመኔዋን እንደያዘች ትንሽ አየችኝ።

«ዓረፍተ ነገሩ ልክ ነው» አለች። «ልጅቱን ግን እንጃ።»

ክፍሉ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩ የመጣው። የተማሪ ደብተር ለእርማት ስትወስድ እኔ ነበርኩ የምሸከምላት። ተከራይታ የምትኖርበት ክፍል ግድግዳ ላይ የአንዲት ሕፃን ፎቶ ተለጥፏል። ልጇ ናት፤ ሶስና ትባላለች፤ ሦስት ዓመቷ ነበር። አዴት ከአያቷ ጋር ነው የምትኖረው። አባቷ የት እንዳለ አልጠየቅኩም፤ እሷም አልነገረችኝም። ልጅቱ በስልክ እሷን ምን ብላ እንደምትጠራት ግን ነገረችኝ። ሰው ሁሉ ቲቸር ቲቸር ሲላት ልጅቱ ስትሰማ ስሟ መስሏት፣ ቲቸር ነው የምትላት። እማ የምትለው አያቷን ነው። ይህን እየሳቀች ጀምራ፣ መጨረሻው ላይ ሳትስቅ ጨረሰችው።

«ዘንድሮ ግን ዝውውር ሞልቻለሁ» አለችኝ። «የግምገማ ውጤቴ ካማረ ክረምት ላይ አዴት ነኝ። አንድ ዓመት ከቆየሁማ ልጅቱ ጨርሳ ትረሳኛለች፣ ስንዱ።»

እንኳን ደስ አለዎት አልኳት። አፌ እንዲህ አለ። ሆዴ ግን ምን አለ? እኔስ አለ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ማን ያስተምረኛል አለ። በመንደራችን ዩኒቨርሲቲ የገባች ሴት የለችም፤ እኔ እገባለሁ ብዬ ለአባቴም ለጎረቤቱም ተናግሬያለሁ፤ ያን ያልኩት እሷን ይዤ ነው። መዝገበ ቃላቱን ፈተና ስትጨርሽ ትመልሽልኛለሽ ያለችኝ ታዲያ ለምንድን ነው? ስለ ልጅቱ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው። አስቤያለሁ። ፎቶው ፊት ለፊቴ ነበር። አሰብኩና ራሴን አስበለጥኩ።

የመንፈቀ ዓመቱ ግምገማ ደረሰ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ተማሪው በአምስት በአምስት ይቧደናል፤ እያንዳንዱ ቡድን ተነጋግሮ አንድ ቅጽ ይሞላል፤ የክፍል አለቃ ሁሉንም ሰብስባ በአንድ ቅጽ ላይ አጠቃልላ ለቢሮ ታስገባለች። ቢሮው የሚያየው ማጠቃለያውን ብቻ ነው። የቡድኖቹን ወረቀት ማንም ገልጦ አያይም። ይህን እኔ አውቅ ነበር።

ለዘቢደር ሁሉም ቡድን አምስት አምስት ሰጠ። ደካማ ጎን የሚለው ላይ አብዛኛው ሰረዝ አሰመረ። የታምሩ ቡድን «ጫማቸው» ብሎ ጻፈ፤ ወረቀቱን ሲሰጠኝ ራሱ ሳቀና አምጪው ልሰርዘው ብሎ ሰረዘው። ልጆቹ ወጡ። ባዶ ክፍል ውስጥ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ተቀመጥኩ፤ ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ወረቀቱ ላይ አርፋለች፤ ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። የሰው ሁሉ ዓይን በሚያይበት ሰዓት ነው ያደረግኩት። ማንም አላየኝም።

በኅዳር ወር አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ እያስተማረችን ስልኳ ጠርቶ ነበር። ይቅርታ ጠይቃን በሩ ላይ ወጥታ አወራች። ልጅቱን ትኩሳት ይዟት ነበር። ተመልሳ ያለፈውን ደቂቃ ከራሷ የምሳ ሰዓት ቀንሳ አስተማረችን። እኔ ያንን አንድ ቀን ወሰድኩ። ደካማ ጎን በሚለው ሥር፣ ባማረ የእጅ ጽሑፌ፣ «መምህርቷ በክፍለ ጊዜ ሁልጊዜ ስልክ ያወራሉ፤ ሐሳባቸው ትምህርቱ ላይ አይደለም፤ ተማሪው እየተጎዳ ነው» ብዬ ጻፍኩ። በአንቱታ ነው የጻፍኩት። እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ! ከላይ ባለው ሠንጠረዥ ደግሞ አምስቶቹን ሁሉ ሁለት አደረግኳቸው። አንድ ላድርጋቸው ብዬ ነበር፤ አንድ ይበዛል፣ ያስነቃል ብዬ ተውኩት። አስቤ ነው የሠራሁት። አባቴ ውሃ ሲረጭ እንኳን ቀና ብሎ ዙሪያውን ያያል፤ እኔ ቀና አላልኩም።

ጠልቼያት ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር። የጠላ ሰው ጠልቼ ነው ይላል፣ ይታወቅለታል። እኔ ከአስተማሪዎቼ ሁሉ አብልጬ የማየው እሷን ነበር። ዋጋዋን ከማንም በላይ ስለማውቅ ነው ዋጋ ያሳጣኋት። ይህን ምን ይሉታል? ያ ሁሉ ግስ ተደርድሮ፣ ለዚህ የሚሆን አንድም አላገኘሁበት።

የሚከተለውን ግን አላሰብኩትም ነበር። ውጤቷ ዝቅ ይልና ዝውውሩ ለዓመት ይገፋል፣ በቃ፣ አልኩ። በሳምንቱ የመምህራን ግምገማ ተጠራ፤ የክፍል አለቆችም እንድንገኝ ተባለ። ግድግዳውን ተደግፈን ቆምን። ሰብሳቢው የየመምህሩን ቅጽ እያነሱ አነበቡ። የእሷ ሲደርስ ያቺን ዓረፍተ ነገሬን በቀስታ፣ ቃል በቃል አነበቧት። አንዲት መምህርት ዞር ብላ አየቻት። ዘቢደር ተነሳች፤ ወረቀቱ የሌላ ሰው መስሏት ስሙን እንደገና እንዲያዩት ጠየቀች። አዩት። የእሷ ነው።

«የክፍሉ አለቃ እዚህ አለች» አሉ ሰብሳቢው። «አንች፣ ክፍሉ እንዲህ ብሏል?»

እዚያች ላይ ነበር መመለስ የምችለው። አሥር እርምጃ እንኳን አልሄድኩም ነበር። በኋላ የቢሮ በር አንኳኩቻለሁ፤ ያኔ ግን በሩ ተከፍቶ፣ ሰው ሁሉ እኔን ይጠብቅ ነበር። አልተባለም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት ብል ምን እሆን ነበር? ይገርፉኝ ነበር? ያባርሩኝ ነበር? ያቺ ፊት ለፊት ተናጋሪዋ ልጅ የት ሄደች?

«ብሏል» አልኩ።

ዘቢደር አየችኝ። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ዞራ ተማሪዎቼ ካሉ አልከራከርም፣ ስልክ አውርቻለሁ፣ አርማለሁ አለች። ግለ ሂስ አደረገች ማለት ነው። ስለ ልጇ ትኩሳት አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ያልሠራችውን ጥፋት፣ ከእኛ ፊት ቆማ፣ በራሷ አፍ ተቀበለች።

ስንወጣ በረንዳው ላይ ጠበቀችኝ። ልትጮህብኝ ነው ብዬ ነበር፤ እንድትጮህብኝ ፈልጌም ነበር። ትከሻዬን ያዝ አድርጋ «አይዞሽ፣ አንች የተባልሽውን ነው የጻፍሽው» አለችኝ። ፊቴ ተለዋውጦ አይታኝ ነው። እኔን ልታጽናናኝ! እኔ ምን አልኩ? እሽ ቲቸር አልኩ። ማጽናኛዋን ተቀብዬ ሄድኩ።

ዝውውሩ ቀረ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እሷ አስተማረችን፤ የፈለግኩትን አገኘሁ ማለት ነው። ግን ያቺ የፈለግኳት ዘቢደር አልነበረችም። ክፍል ስትገባ ስልኳን አጥፍታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥና እንድናየው ወደኛ ታዞረዋለች። በየሁለት ሳምንቱ «የሚጎድል ነገር ካለ በወረቀት ጽፋችሁ ስጡኝ፣ ስም አትጻፉ» ትለን ነበር። ባዶ ወረቀት እንሰጣታለን። ባዶውን ወረቀት ገልብጣ ጀርባውን ታያለች። በርበሬ ይዞ መምጣት የለም፣ በክፍል መካከል መራመድ የለም። የአሥር ሰዓቱ ትምህርት ሁለት ወር ተሞክሮ ቆመ። ታምሩ እንኳን መቀለድ ተወ፤ አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት «ቆይ፣ እኛ እኮ አምስት ነበር የሰጠናቸው፤ ማን ነው የነካካው?» አለኝ። ቢሮ ውስጥ ይሆናል አልኩት። ውሸቱ ከራሱ ላይ ሌላ ውሸት ወለደ፤ የቢሮውንም ስም አጠፋሁ።

ፈተናውን ተፈተንኩ። አላለፍኩም። ሰውን ያን ያህል አቁስዬ፣ አላለፍኩም። ብታልፊ ይሻል ነበር ወይ ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አላውቅም። ባልፍ ኖሮ ይህን መጻፌንም እጠራጠራለሁ፤ ይኼ ስለኔ ምን ይላል?

መዝገበ ቃላቱን አልመለስኩላትም። ልመልስላት ስሄድ ቤቱን ለቃ ሄዳ ነበር። ከግምገማው በማግሥቱ ዓመት ዝውውር ጠፋ፤ መንገዱም አንድ ጊዜ ሲከፈት አንድ ጊዜ ሲዘጋ፣ አዴት ሄዶ መመለስ ራሱ ችግር ሆነ። እናቷ ታመሙ ተባለ። ልጅቱን የሚይዝ ሲጠፋ ሥራዋን ለቀቀች፤ ዕቃዋን በሁለት ማዳበሪያ አስራ ሄደች። ያየች ልጅ ነች የነገረችኝ። ማዳበሪያዎቹ ሁለት ነበሩ አለችኝ፤ ስንት ነበሩ ብዬ የጠየቅኳት እኔ ነኝ። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም፤ ይህን ለምስጋና አይደለም የምነግራችሁ፣ እንዴት እጄ እንዳጠረ እንድታዩ ነው። ማመልከቻ ጻፍኩ። ሥራዬ ነው፣ ስንት ሰው የሚያመሰግነኝ በማመልከቻ ነው። የዚያን ጊዜው ግምገማ ስሕተት ስለሆነ እንደገና ይታይልኝ ብዬ ፍኖተ ሰላም፣ ወደ ትምህርት ቤቱ ቢሮ ይዤ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያሉት ሴትዮ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አነበቡና የመምህርቷ ምኗ ነሽ አሉኝ። ምኗም አይደለሁም አልኳቸው።

«ታዲያ እሷ የለችም፣ አንች ተማሪ አይደለሽም፣ ቅጹም ከነሳጥኑ ወጥቷል። ምኑን ነው የማየው?» አሉኝ። ክፋት የላቸውም። ወረቀቴን አጥፈው መለሱልኝና ጽሑፍሽ ያምራል አሉኝ።

ባለፈው ጥር መንገድ ተከፈተ ሲባል መዝገበ ቃላቱን ይዤ ተነሳሁ። ከቡሬ በእንጅባራ አድርጌ ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዴት። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ ነው የሄድኩት። ቲቸር፣ እኔ ነኝ። ቲቸር፣ ክፍሉ አላለም። አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተው ጸሎት መስሏቸው ነው መሰለኝ ቦታ ሰፋ አደረጉልኝ።

ገበያው ዳር ጉልት ተቀምጣ አገኘኋት። ሽንኩርትና ቲማቲም በትንሽ በትንሹ ከምራ ትሸጣለች። ያደረገችው ያን የተሰፋውን ጫማ አይደለም፣ የፕላስቲክ ነው። ስታየኝ እንደ ድሮው ፈጥና ተነሳች፤ አቅፋ ሳመችኝ፤ አጠገቧ ላሉት ሴቶች «ይችን ልጅ አስተምሬያታለሁ፤ አለቃዬ ነበረች» አለች። አለቃዬ! ቤት ይዛኝ ሄደች። እናቷ አልጋ ላይ ናቸው። ሶስና ስምንት ዓመት ሊሞላት ነው፤ በር ላይ ሆና እናቷን አየችና ወደ ውስጥ «እማ፣ ቲቸር እንግዳ ይዛ መጣች» ብላ ተጣራች። አያቷን ነው እማ ያለችው። ዘቢደር ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። ለምዳዋለች። እኔ ግን አልለመድኩትም፤ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

አበላችኝ። አጠገቤ ተቀምጣ ብይ ብይ እያለች አበላችኝ። ለምን ማስተማር እንደተወች ጠየቅኳት፤ እዚህም ትምህርት ቤት አለ አይደል? ፈገግ አለችና ተጠይቄ ነበር፣ አልሆነልኝም አለች። መዝገበ ቃላቱን አወጣሁ። ፕላስተሩን ዳሰስ አደረገችና፣ ሶስና ገና ናት፣ አንች ያዥው ብላ መለሰችልኝ። አፌን ከፈትኩ። እናቷ ውሃ ጠየቁ፤ ተነሳች። ተመለሰች። አፌን ከፈትኩ። ሶስና የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። እንዲህ እንዲህ እያለ የመመለሻዬ ሰዓት ደረሰ። ሰበብ ነው። ሰው መናገር ከፈለገ ውሃ ሲቀዳም ይናገራል።

እስከ መናኸሪያው ሸኘችኝ። መኪናው ሞልቶ ሊነሳ ሲል፣ እኔ እግሬን መሰላሉ ላይ አድርጌ፣ እጄን ይዛ በቀስታ ጠየቀችኝ።

«ስንዱ፣ እስኪ እውነቱን ንገሪኝ፤ አሁንማ አልፏል። ያኔ ክፍሉ ምን አይቶብኝ ነው? ስልኩ ብቻ አልነበረም። ምን ጎድሎኝ ነበር? እስካሁን አስበዋለሁ።»

አምስት ዓመት። አምስት ዓመት ሙሉ ራሷን ከላይ እስከ ታች ስትፈትሽ፣ እጇን እስከ ክርኗ ከትታ ከሥር ያለውን የበሰበሰውን ስትፈልግ ኖራለች። የሌለውን። እኔ የጻፍኩትን ዓረፍተ ነገር አምና፣ በራሷ ላይ መልሳ መላልሳ አስባ፣ አላስተምርም ብላ ሽንኩርት አጠገብ ተቀምጣለች። ዝውውሩን የነጠቅኳት መስሎኝ ነበር። ለካ እሷን ራሷን ነው።

ከፊቴ ቆማ፣ እጄን ይዛ፣ ጠይቃኛለች። ከዚህ በላይ ምን በር ይከፈታል?

«እንጃ ቲቸር» አልኳት። «እንጃ።»

መኪናው ተነሳ። እጇን ስታውለበልብ አየኋት፤ እኔም አውለበለብኩ።

ልጅ ነበርኩ እንዳትሉልኝ። ብሏል ስል ልጅ ነበርኩ እንበል፤ እንጃ ስል ግን ልጅ አልነበርኩም። ሁለቱንም ጊዜ ያወጣሁት አንዲት አንዲት ቃል ናት፣ ሁለቱም ውሸት ነበሩ። ይቅርታ ከእናንተ አልለምንም፤ የናንተ አይደለም፣ ልትሰጡኝ አትችሉም። የስልኳ ቁጥር አለኝ። ኔትወርክ ያለ ቀን እደውልና ሄሎ ስትል እዘጋዋለሁ። ሦስት ጊዜ አድርጌዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ልጅቱ ነበረች ያነሳችው፤ ቲቸርን ነው ወይ አለችኝ።

ስለዚህ እዚህ እጽፈዋለሁ፤ ወረቀት ላይ ያጠፋሁትን ወረቀት ላይ። ይደርስዎት እንደሆነ አላውቅም።

ቲቸር፣ ክፍሉ ምንም አላየብዎትም። ምንም አልጎደለዎትም። ክፍሉ አምስት ነው የሰጠዎት፤ ደካማ ጎን በሚለው ላይ ሰረዝ ነው ያሰመረው። ሁለት ያልኩዎት እኔ ነኝ።